ከንፈር የሌለው ቋንቋ

ውድ ቻንሂ፣

ስልክ ላይ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን። «ኦሳካ ይዘንባል?» «ይዘንባል። እዚያስ?» «እዚህም።» ሁለት የሃምሳ ዓመት ሴቶች ስለ ዝናብ ለማውራት ባሕር የሚሻገር ስልክ ምን ያደርግላቸዋል? ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። ደብዳቤን «እትዬ፣ በኋላ ልደውልልሽ» ብለሽ አትዘጊውም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ግን ምድጃውን አጥፊ።

ነገሩ ስለ እናታችን ነው። አልሞተችም፣ አትደንግጪ። እንዲያውም መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ከሚያስታምሟት ሰዎች ሁሉ እሷ ሳትሻል አትቀርም። ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፤ መሐል ላይ ከጀመርኩ አታምኚኝም።

የእናታችንን ጆሮ ትኩሳት የወሰደባት በሰባት ዓመቷ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ድምፅዋ እንዳይጠፋ አያታችን የልጇን እጅ በራሷ አንገት ላይ እያስያዘች ታናግራት እንደነበርም ነግራናለች፤ እኔና አንቺ ግን እንደ ተረት ሰምተን አለፍነው። እኛ የምናውቀው ዓይኗን ነበር። ዛጎል የሚፈለፈልበት አዳራሽ ውስጥ አርባ ሴት ቢላ ይዛ፣ ፓምፑ እየጮኸ፣ ማንም ማንንም በማይሰማበት ቦታ እናታችን ብቻ ሁሉን ትሰማ ነበር። ከንፈር ታነባለችና።

«የፒልሬ እናት፣ ያቺ ማዶ ያለችው ምን እያለች ነው?» ይሏታል፣ በእኔ በበኩር ልጇ ስም እየጠሩ።

«አማቷ የሠራችው የጎመን ኪምቺ ጨው በዝቶበታል እያለች ነው።»

«እፎይ! እኔን የምታማ መስሎኝ።»

እናታችን ይህን የምታነብላቸው ደግሞ በዚያ መጠኑን በማያውቅ ድምፅዋ ነው። ሹክ ልበል ስትል ወደቡ ድረስ ይሰማል። የኪምቺዋ አማት ሳትሰማ ቀርታ እንደሆነ እንጃ።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ ስለነበር ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነበር። የተቀቀለውን ስኳር ድንች የት እንደደበቀችው አይተን ልንሰርቅ ስንማከር ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች በመስኮት ታነበናለች። «ቻንሂ! ድንቹን ንኪና!» ስትል ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። ያኔ አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ፣ እኔ አሥራ ሁለት።

«እትዬ፣» አልሽኝ አንድ ቀን፣ «እሷ የምታየው ከንፈራችንን ነው። ከንፈር የሌለው ቋንቋ ብንሠራስ?»

«ከንፈር የሌለው ምን አለ? ዓሣ እንኳ ከንፈር አለው።»

«እንሠራለን እኮ ነው የምልሽ!»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እኔ ከአንድ ማሕፀን ወጥቼ ስኳር ድንች ብቻ ሳስብ አንቺ የእናታችንን የእጅ መስተዋት ይዘሽ ቋንቋ ልትፈጥሪ ተቀመጥሽ። የምንበላበትን የምግብ እንጨት በጥርስሽ አግድም ነክሰሽ ፊደላችንን አንድ በአንድ አልሽው። ከንፈርሽ እንጨቱን የነካበት ድምፅ ሁሉ ተባረረ። መጀመሪያ ም ሄደ። ከዚያ ብ፣ ከዚያ ፕ። ፍ ድሮም በአገራችን ቋንቋ ስለሌለ ሳይከሰስ ተረፈ። የተባረሩት ሁሉ ወደ ጉሮሮ ተሰደዱ፤ ም «ንግ» ሆነ፣ ብ ወደ ግ ዞረ፣ ፕ ክ ተባለ። ኡ እና ኦ ከንፈር ስለሚያሞጠሙጡ እየተለጠጡ እንዲነገሩ ፈረድሽባቸው። ለዚህ ነው ቋንቋችንን ስንናገር ሁልጊዜ ፈገግ ያልን የምንመስለው። ሰው ሲያየን «እነዚህ እህትማማቾች ሲዋደዱ!» ይል ነበር።

ቃሎቹን የምትጽፊበት ደብተር ሽፋን ላይ ሕግ ጻፍሽ፦ አዲስ ቃል የምታወጣው ቻንሂ ብቻ ናት።

«እኔስ? ታላቅሽ አይደለሁም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ።»

እሺ አልኩሽ። እስከ ዛሬም ሕጉን አላፈረስኩም። ሩዝ፣ የእኛው ባፕ፣ «ጋክ» ሆነ። እኔ ፒልሬ መሆኔ ቀርቶ ኪልሬ ተባልኩ። የአንቺ ስም ከንፈር ስለማይነካ ምንም አልሆነም፤ እንዴት እንደኮራሽብኝ አልረሳውም። ከዚያ ወደ እናታችን ደረስሽ። እንጨቱን ነክሰሽ «ኧማ» ልትዪ ስትሞክሪ የወጣው «ኧንጋ፣ ኧንጋ» ነው። እኛ አገር ሰው ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ «ኧንግ ኧንግ አለ» ነው የሚባለው። መጀመሪያ በሳቅ ፈረስን። ደጋግመሽ ስትዪው ግን ፊትሽ ተለወጠ።

«ይሄ አይሆንም፤ ያስለቅሳል፣» ብለሽ ሰረዝሽው። በምትኩ ምንም አልጻፍሽም። «ያቺ» እያልናት ቀረን። ማንኛውም ሕፃን አፉን የሚፈታው በከንፈር ነው፤ እኛ አፍ የፈታንበትን ድምፅ አባረን፣ ከእሱ ጋር እሷን አባረርናት። ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩም። ያኔ ያሰብኩት ስለ ስኳር ድንች ነው።

አሁን ወደማንወደው ቦታ ልውሰድሽ። ታገሺኝ።

ስድስተኛ ክፍል ስትጨርሺ በምረቃው ቀን የስንብት ንግግር እንድታደርጊ የተመረጥሽው አንቺ ነበርሽ። ከዚያ በፊት በነበረው የስፖርት ቀን እናታችን «ቻንሂ! ሩጪ! ሩጪ!» ብላ ስትጮህ ልጆቹ ድምፅዋን እየቀዱ አንድ ወር ሙሉ አላገጡብሽ። ሽንት ቤት ገብተሽ እንዳለቀስሽ እኔ ነኝ የማውቀው። ለእናታችን ወድቃ ነው ያለቀሰችው ብያት ጉልበትሽን ቅባት ቀባችሽ፤ ጉልበትሽ ደህና ነበር።

የምረቃው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው። የጥሪ ወረቀቱን ደብቀሽዋል። እናታችን ከኋላሽ ተቀምጣ ፀጉርሽን ትጎነጉናለች፤ በየመሐሉ እንደ ልማዷ ግራ እጇን አንገትሽ ላይ ታሳርፋለች። እኔ ፊት ለፊት ካልሲዬን አጠልቃለሁ።

«ያቺ እንዳትመጣ፣» አልሽኝ በቋንቋችን። እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብለሽ። «ሐሙስ ነው በያት።»

«ረቡዕ አይደል እንዴ?»

«ለዚያ ነዋ! ሰው ሁሉ ፊት እንደዚያ ከጮኸች እኔ እሞታለሁ።»

ከዚያ ድንገት «አይ! አመመኝ!» ብለሽ ጭንቅላትሽን ያዝሽ። ሹሩባው ጠብቆብሽ ነበር። ይቺን ነገር ያዣት።

እኔ ዞር ብዬ እናታችንን አየኋት። በእኛ አገር ረቡዕ በ«ሱ» ይጀምራል፣ ሐሙስ በ«ሞክ»። አንዱ ከንፈርን ያሞጠሙጣል፣ ሌላው ግጥም ያደርጋል፤ ከንፈር የሚያነብ ዓይን ሁለቱን ሊያምታታ አይችልም። እኔም እንዳትሳሳት ብዬ ከንፈሬን ግጥም አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ «ኧማ፣ የቻንሂ ምረቃ ሐሙስ ነው» አልኳት።

«ሐሙስ፣» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ጉንጉኑን ጨርሳ ትከሻሽን መታ መታ አደረገችሽ።

ረቡዕ ተናግረሽ ተመለስሽ። ሐሙስ ጠዋት የክት ልብሷን፣ ሰማያዊውን፣ ለብሳ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ወጣች። አበባ ይዛለች። ሁለታችንም አየናት፣ ሁለታችንም አላስቆምናትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አበባውን እንደያዘች ተመለሰች። ጫፉ ጠውልጓል።

«ዓይኔ አርጅቷል፣» አለች። «እህትሽ ‹ሱ› ስትለኝ ‹ሞክ› ብዬ አንብቤዋለሁ። ይቅርታ ልጄ።»

ይቅርታ የጠየቀችው አንቺን ነበር። አበባውን ተቀብለሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጥሽው፤ ያን ቀን እህል አልቀመስሽም። ከዚያ ቀን በኋላ ቋንቋችንን አልተናገርሽም። ደብተሩ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ባሕር ተሻገርሽ፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ሳምንት እየመጣሽ ዓይኗን ሳታዪ ሳህን ስታጥቢ ከርመሽ ትመለሺ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት በአባታችን መታሰቢያ ዕለት እኔው ነኝ የጀመርኩት፤ «ያልሽው አንቺ ነሽ!» አልኩሽ። «ከንፈሩስ የማን ነበር?» አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለታችንም አፋፉ ላይ ቆመን ቀረን። ከዚያ ወዲህ አልመጣሽም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና አገሩ ሁሉ ማስክ አደረገ። ለእናታችን ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ ሰው ሁሉ ከንፈር የሌለው ሆኖ አገኘችው። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አስታማሚዋ፣ እኔ። አገሩ በሙሉ የእኛን ቋንቋ መናገር ጀመረ ማለት ነው። ከመጦሪያ ቤቱ መስታወት ማዶ ቆሜ ማስኬን ዝቅ ሳደርግላት ደግሞ የዓይኗ ሞራ በስሎ ነበር፤ በጥላ ነው የምታየኝ። በትልቁ ጽፈን ብናሳያትም አላነበበችውም። እያደር ዝም አለች። ዝም ስትል «አእምሮዋ ደክሟል፣ ሰው አታውቅም» አሉኝ። እኔም አመንኩ፣ ቻንሂ። ለአንቺም እንደዚያው ብዬ ነገርኩሽ። «ካላወቀችኝ መጥቼ ምን አደርጋለሁ?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።

በዚህ ወር ገብቶ እጅ መያዝ ተፈቀደ፤ ማስክ ሳይወልቅ። ባለፈው ሳምንት ገባሁ። አስታማሚዋ ወይዘሮ ፒዮ ደግ ሴት ናት፣ ግን ምላሷ አይጣል ነው። ገና ማስኬን ልነካ እጄን ሳነሳ «ወደ ላይ! እናትሽን ልትገድያት ነው የመጣሽው?» ብላ ጮኸችብኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እናታችን እጇን ዘርግታ ክንዴን፣ ትከሻዬን እየዳበሰች መጥታ አንገቴ ላይ አሳረፈችው። ልጅ ሆነን ስትጎነጉነን እንደምታደርገው። ዳበሳ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

«ጋክ፣» አለች።

ወይዘሮ ፒዮ ብድግ አለች። «ትን አላት! ውሃ! ወገቧን ደግፊያት!»

«ጋክ፣» አለች እናታችን እንደገና፣ ውሃውን በእጇ ገፍታ። «ጋክ በልተሻል?»

ሩዝ በልተሻል ወይ። እናት ሁሉ ልጇን የምትለው ነገር፣ በእኛ ቋንቋ። ከንፈሯ ሳይነካካ፣ ፈገግ እንዳለች።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ያን ቋንቋ ፈልጌ አወጣሁት፤ ዝጓል፣ ግን ወጣ። «በልቻለሁ» አልኳት። ጣቶቿ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ጠበቁ። ራሷን ነቀነቀች። ሰማችኝ!

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ክረምት። የተባረሩትን ድምፆች ሁሉ ጉሮሮ ውስጥ ከተታችኋቸው፤ ጉሮሮ ደግሞ የእኔ አገር ነው። አንቺን በሦስት ወር ያዝኩሽ። የትንሿ ግን ትፈጥናለች፣ ስድስት ወር ፈጀብኝ።» ይህን ሁሉ በዚያ ድምፅዋ ስትል ስድስት አልጋ ያለው ክፍል በሙሉ ዞሮ ያየናል።

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ማወቄን ብታውቁ ሌላ ትሠሩ ነበር። ሁለተኛ ለመማር ጉልበት አልነበረኝም።»

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ተቋረጠ። የሚቀጥለው ጥያቄ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እጇ እዚያው ስለነበር ሳልናገረው አወቀችው መሰለኝ።

«ረቡዕ ሄጄ ነበር፣» አለችኝ።

ቻንሂ፣ ረቡዕ ሄዳ ነበር። ሰኞ ጠዋት «ያቺ እንዳትመጣ» ስትዪ እጇ አንገትሽ ላይ ነበር። ሹሩባሽ የጠበቀው ለዚያ ነው። ትክክለኛውን ቀን ከሌሎች እናቶች ከንፈር አንብባ፣ ከአዳራሹ አስፈቅዳ፣ አበባ ገዝታ፣ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ዞራ መስኮት ሥር ቆመች። መስኮቱ በውርጭ ተሸፍኖ በእጇ ጠረገችው። ንግግርሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። «አንድ ቃል አላመለጠኝም፣» አለችኝ። «መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አጥፋ፣ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ አንድ ቃል አለች። ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተከፈተ። ኧማ አለች።»

እውነት ነው? እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ አንቺም ነግረሽኝ አታውቂም። እንዳትመጣ ያደረግሻትን ሴት መድረክ ላይ ጠራሻት?

«ሐሙስ ለምን ለብሰሽ ወጣሽ?» አልኳት።

«ባልወጣ ማወቄን ታውቁ ነበር። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ይሄን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አታሸክሚም። የረቡዕ አበባዬም ሳልሰጣት እንዳይጠወልግ ብዬ።»

«እሷ ግን ተሸክማዋለች፣ ኧማ። እስከ ዛሬ።»

ጣቶቿ ከአንገቴ አልተነሱም። «እኔ የረሳችው መስሎኝ፣» አለች። «የማትመጣው ሥራ በዝቶባት መስሎኝ።» አንጀቴን በላችው። እሷ እኛ እንዳንጎዳ ብላ ዝም አለች፤ እኛ እሷ እንዳትጎዳ ብለን ዝም አልን። ባሕሩ የሞላው እንዲህ በመተዛዘን ነው።

ልወጣ ስል ያዘችኝ። «አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል፣» አለች። «ያን ሁሉ ቃላችሁን አውቃለሁ። የስኳር ድንቹን፣ የድመቷን፣ የኔን አዳራሽ። የራሴን ስም ስፈልግ ግን አላገኘሁትም። ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። ‹ያቺ› ብቻ ናት።»

«እኔ አወጣልሻለሁ፣ አሁኑኑ!» አልኳት እንባዬን እየዋጥኩ።

ራሷን በኃይል ነቀነቀች። «አይሆንም። ቃል የምታወጣው ትንሿ ናት።»

ሕጉን እንኳ ታውቀዋለች! ወይዘሮ ፒዮ በር ላይ ቆማ እጇን አመሳቅላ ስታየን ነበር። «አእምሮዋ ደክሟል ያለው ማነው?» አለች፣ ራሷ እንዳላለች ሁሉ። «እኔን ግን ምን እያላችሁ እንደምታሙኝ መማር አለብኝ።»

ስለዚህ ነይ፣ ቻንሂ። ይቅርታ ይዘሽ ነይ አልልሽም፤ ይቅርታሽን ረቡዕ ዕለት በመስኮት ተቀብላዋለች። የምልሽ፣ ስሟ የሚሆን ቃል ይዘሽ ነይ ነው። ዓይኗ ሄዷል፣ ከንፈራችን ተሸፍኗል፤ እሷ እንዳትገባ ብለን የሠራነው ቤት ብቻ ነው አሁን ለሦስታችን የቀረን። የእኔ ቋንቋ ደግሞ ግማሹ ጠፍቶብኛል፤ ከምትነግረኝ ሦስት ቃል አንዱ አይገባኝም፣ ታናሽሽን ጠይቂ ትለኛለች። ቃሉ ካልመጣልሽም ባዶሽን ነይ። አንገትሽን ስትይዝልሽ ይመጣል። «ኧንጋ» ብቻ ሆኖ ቢወጣም ግድ የለም፤ ለቅሶም ቢመስል፣ እሷ በእጇ ነው የምትሰማው።

የመግቢያ ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ፣ በስምሽ። የመጪው ወር ሁለተኛው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ረቡዕ ነው ያልኩት። ለእሷም ጉሮሮዬን አስይዤ ነግሬያታለሁ። ደጋግማ «ረቡዕ?» አለችኝ፤ ደጋግሜ «ረቡዕ» አልኳት። ሰማያዊው ልብስ እንዲታጠብላት አዝዛለች።

አትስቺ፤ ሐሙስ አይደለም።

እህትሽ፣
ኪልሬ